ፌ ኢ አሌግሪያ፦ አስፋልቱ ካለቀበት የሚጀምረው የትምህርት ማኅበር

«ፌ ኢ አሌግሪያ» ስፓኒሽ ነው። «እምነትና ደስታ» ማለት ነው። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው የመዘምራን ቡድን ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ትምህርት ነው። ትምህርት ቤቶችን፣ የሬዲዮ ጣቢያዎችን፣ የሙያ ማሠልጠኛዎችንና የጎልማሶች ትምህርትን በአንድ ስም ያሰባሰበ ማኅበር ነው። በ1955 በቬኔዝዌላ ተጀመረ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ በአብዛኞቹ የላቲን አሜሪካ አገሮች ይገኛል። አፍሪካም ገብቷል። የሚያገለግላቸው ሰዎች በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ።

ያስጀመሩት ካህን ናቸው፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል። ዛሬም ማኅበሩ ከኢየሱሳውያን ጋር የተሳሰረ ነው። ሆኖም ክፍል ውስጥ ገብቶ ጠመኔ የሚይዘው ሰው በአብዛኛው ካህንም ሲስተርም አይደለም። ተራ መምህር ነው፤ ብዙ ጊዜም የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። ማኅበሩ ራሱን የሚጠራው «የተሟላ ሕዝባዊ ትምህርትና የማኅበራዊ ዕድገት ንቅናቄ» ብሎ ነው። ስሙ ረዝሟል። እኔ እንደማየው ግን ይህን ማኅበር ከሌሎች የሚለየው አንድ ቀላል ነገር አለ። የራሱ የሆነ ሀብት የለውም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ቤት የሰው ነበር። ደመወዙ በአብዛኛው የመንግሥት ነው። ዝነኛው የሬዲዮ ትምህርቱ እንኳ ከሌላ የተቀዳ ነው። በተውሶ ቆሞ ሰባ ዓመት መዝለቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጥንካሬውም ድክመቱም ከዚህ ይመነጫል።

አባ ቬላስ

አባ ሆሴ ማሪያ ቬላስ የተወለዱት በ1910 በቺሌ፣ ራንካጓ ከተማ ነው። ወላጆቻቸው ስፔናውያን ነበሩ። ገና ልጅ ሳሉ አባታቸው ሞቱ፤ ቤተሰቡም ወደ ስፔን ተመለሰ። ኢየሱሳዊ ከሆኑ በኋላ ልባቸው ያለው ቻይና ነበር። የተላኩት ግን ወደ ቬኔዝዌላ ነው።

በ1948 በአንዲስ ተራሮች መካከል ባለችው በሜሪዳ ከተማ የሳን ሆሴ ትምህርት ቤት አለቃ ሆኑ። አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ደህና ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የሚልኩበት። ብዙ ሰው «የካቶሊክ ትምህርት ቤት» ሲባል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣበት ዓይነት ማለት ነው። በዲሴምበር 15 ቀን 1950 ለገና ዕረፍት ወደ ቤታቸው የሚጓዙ 27 ተማሪዎችን የያዘ አውሮፕላን ተራራ ላይ ተከሰከሰ። አንድም ልጅ አልተረፈም። ቬላስ ለእነሱ መታሰቢያ እዚያው ሜሪዳ አጠገብ፣ ሳን ሃቪየር ዴል ቫዬ በተባለ ቦታ የሱባዔ ቤት አሠሩ። ቦታው ከዓመታት በኋላ የድሃ ልጆች የሙያ ትምህርት ቤት ሆነ። እሳቸውም በ1985 ያረፉት እዚያው ነው።

ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ካራካስ የመጡት በ1954 ነው። የአንድሬስ ቤዮ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ገና ዓመቱ ነበር፤ የተማሪዎቹ መንፈሳዊ መሪ ሆኑ። ዘመኑ አገሪቱን የሚገዛው የወታደሩ የማርኮስ ፔሬስ ሂሜኔስ ነው። የነዳጅ ገንዘብ እንደ ልብ ነው። አውራ ጎዳና ይዘረጋል፣ ፎቅ ይነሣል። ከገጠር የሚፈልሰው ሕዝብ ደግሞ ከተማዋን በከበቡት ኮረብታዎች ላይ ባገኘው ቆርቆሮና ጣውላ ቤት ይቀልሳል። ውሃ የለም፣ መንገድ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም።

ቬላስ ተማሪዎቻቸውን ይዘው በሳምንቱ መጨረሻ ወደ እነዚህ ሰፈሮች መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ የወጡት ትምህርተ ክርስቶስ ለማስተማር ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ሆነ። ማንበብ የማይችል ልጅ ሃይማኖቱን በቃሉ ቢያጠና ነገ ምን ይሆናል? ድሃው ድሃ የሆነበት አንዱ ምክንያት አለመማሩ ነው፤ ስለዚህ ስብከቱ ብቻውን አይበቃም። ይህ አመለካከታቸው የማኅበሩ ዘር ሆነ።

የግንበኛው ቤት

ካቲያ በተባለው በምዕራብ ካራካስ፣ ግራሞቬን የሚባል ሰፈር አለ። አብርሃም ሬዬስ የሚባል ግንበኛ ከሚስቱ ከፓትሪሲያ ጋር እዚያ ይኖር ነበር። ቤታቸውን የሠሩት በሰባት ዓመት ነው። አንድ ቀን ትንሽ፣ ሌላ ቀን ትንሽ እያሉ፣ ውሃውን ከሩቅ በቆርቆሮ እየተሸከሙ። ልጆችም ነበሯቸው፤ ያውም ብዙ።

አንድ ቀን የሰፈሩ ልጆች የመጀመሪያ ቁርባን ተቀበሉ። ቬላስ በዚያ አጋጣሚ እዚህ ሰፈር ትምህርት ቤት ቢኖር ብለው ተናገሩ። ቦታ ግን የለም። ገንዘብ ደግሞ ከነጭራሹ የለም። አብርሃም ቀርቦ ቤቱ እንዳለ ነገራቸው። ለትምህርት ቤት ከሆነ ይውሰዱት አለ። ቤተሰቡ እዚያው መኖሩን ይቀጥላል፤ ትልቁ ክፍል ግን የልጆቹ ይሆናል።

በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። «ትምህርት ቤት፤ ወንዶች ልጆችን እንቀበላለን» ይላል። 100 ወንዶች መጡ። በማግስቱ ሴቶችንም እንቀበላለን የሚል ሌላ ወረቀት ተጨመረ፤ 75 ሴቶች ተመዘገቡ። ዴስክ የለም። ልጆቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች ከዚያው ሰፈር የመጡ፣ ስድስተኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ቀኑ ማርች 5 ቀን 1955 ነው። ማኅበሩ እስከ ዛሬ የልደት በዓሉን በዚህ ቀን ያከብራል።

የመጀመሪያው ገንዘብም ከሰው የተገኘ ነው። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጆሮ ጉትቻዋን አውልቃ ሰጠች። በጉትቻው ላይ ዕጣ ተዘጋጀ፣ ቲኬት ተሸጠ፣ 4,000 ቦሊቫር ተገኘ። እንዲህ ዓይነት ነገር ብዙ ጊዜ አንዴ ተደርጎ ይረሳል። እዚህ ግን ልማድ ሆነ። ሎተሪው በየዓመቱ መውጣት ቀጠለ፤ ወደ ሌሎች አገሮችም ተሻገረ። ዛሬም በፔሩና በቬኔዝዌላ ቲኬቱን ተማሪዎችና ወላጆች ይዘው ይዞራሉ፣ ጎረቤትም ይገዛል።

አብርሃምን ሰዎች የሚያስታውሱት እንደ ደግ ሰው ነው። ተገቢ ነው። ግን የሰጠው ብሎኬት ብቻ አልነበረም። ቤቱን ሲሰጥ ትምህርት ቤቱ የሰፈሩ ሆነ። ቄሱ የሠሩት ሕንፃ ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ «የእነሱ ትምህርት ቤት» ይለው ነበር። አብርሃም በኋላ ዲያቆን ሆኖ ተሹሞ ቤተ ክርስቲያንን አገልግሏል።

አስፋልቱ ሲያልቅ

ማኅበሩ አንድ መፈክር አለው፤ በሄደበት ሁሉ ይደግመዋል። «ፌ ኢ አሌግሪያ የሚጀምረው አስፋልቱ ካለቀበት፣ የቧንቧ ውሃ ከማይንጠባጠብበት፣ ከተማዋ ስሟን ከምታጣበት ነው» ይላል። እንደ መፈክር ረዘም ይላል። ሆኖም የአድራሻ ምልክት ሆኖ ያገለግላል። አዲስ ትምህርት ቤት የት ይከፈት ሲባል መልሱ እዚያው ውስጥ አለ፦ አውቶቡሱ ዞሮ ከሚመለስበት ወዲያ።

ሌላም አባባል አለ። «የድሆች ትምህርት ድሃ ትምህርት ሊሆን አይችልም።» ይህኛው ለእኔ የበለጠ ይከብዳል። ለድሃ ትምህርት ቤት መክፈት አንድ ነገር ነው። ያንኑ ትምህርት ቤት ሀብታሙ ልጁን ሊልክበት የሚመኘው ማድረግ ሌላ ነው። ቬላስ ራሳቸው በመጨረሻ ዘመናቸው ትኩረታቸውን የሳበው የሙያና የእርሻ ትምህርት ነበር። በሳን ሃቪየር ልጆች እንጨት ሥራና ሽመና ይማራሉ። በባሪናስ ክፍለ ግዛት ማስፓሮ ወንዝ አጠገብ ደግሞ ትልቅ የእርሻ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ የመጨረሻ ሥራቸው እሱ ነው። ሰባ ዓመት ገደማ የሆነ ሰው ጡረታ መውጣት ሲገባው ጫካ ሲመነጥር ማየት ያስገርማል።

ከቬኔዝዌላ ውጭ መጀመሪያ የተከፈተው በኤኳዶር ነው፣ በ1964። ከዚያ ፓናማ በ1965፣ ፔሩና ቦሊቪያ በ1966፣ ኤል ሳልቫዶር በ1969። ኒካራጓ በ1974፣ ጓቴማላ በ1976 ተከተሉ። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ 1990፣ ፓራጓይ 1992፣ አርጀንቲና 1995፣ ሆንዱራስ 2000 እያለ ሄደ። በሄይቲ በ2006 ሲጀምር ስሙም ወደ ፈረንሳይኛ ዞሮ «ፉዋ ኤ ዥዋ» ሆነ። የየአገሩ ማኅበር ራሱን ያስተዳድራል። ሁሉንም የሚያገናኝ ፌዴሬሽን አለ፤ ከላይ ሆኖ የሚያዝዝ ዋና መሥሪያ ቤት ግን አይደለም። ስፔን ውስጥ ያለው ቅርንጫፍ ደግሞ ትምህርት ቤት አይከፍትም፤ ገንዘብና ድጋፍ ያሰባስባል። «ኤንትሬኩልቱራስ» የሚባለው እሱ ነው።

በመካከሉ ዘመኑም ተለውጧል። ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ፣ በ1968 የላቲን አሜሪካ ጳጳሳት በኮሎምቢያዋ ሜዴዪን ተሰብስበው ቤተ ክርስቲያን ከድሃው ጎን እንድትቆም ተናገሩ። የብራዚላዊው መምህር የፓውሎ ፍሬሬ ሐሳብ በየቦታው ይነበብ ጀመር፤ ተማሪው ዕውቀት የሚፈስበት ባዶ ዕቃ አይደለም የሚለው። ፌ ኢ አሌግሪያም ከዚህ ጠጣ። በመጀመሪያ «ለድሃው ትምህርት እንስጥ» የነበረው ቀስ በቀስ «ድሃው በትምህርቱ ላይ ይወስን» ወደሚል ተሸጋገረ። ሽግግሩ ያለ ክርክር አልሆነም፤ የትኛውም የቤተ ክርስቲያን ማኅበር በዚያ ዘመን ያለ ክርክር አልዋለም።

ደመወዙን ማን ይከፍላል?

የማኅበሩ አሠራር ዋናው ብልት ይህ ነው። ፌ ኢ አሌግሪያ የግል ነው ወይስ የመንግሥት? ሁለቱም ነው፤ ሁለቱም አይደለም።

ፔሩን እንውሰድ። እዚያ በስምምነቱ መሠረት መንግሥት የመምህራንን ደመወዝ ይከፍላል። ማኅበሩ ትምህርት ቤቱን ያስተዳድራል፤ ዳይሬክተሩን ያቀርባል፣ መምህራኑን ይመርጣል፣ ያሠለጥናል። ሰፈሩ መሬቱንና ጉልበቱን ያዋጣል። ለሕንፃው ደግሞ ለጋሽ ይፈለጋል። ወላጅ በወር የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ የለም፤ እሑድ ግን አካፋ ይዞ ይመጣል። ስሚንቶው ሲቦካ፣ አጥሩ ሲታጠር፣ ሜዳው ሲደለደል በደቦ ነው። ትምህርት ቤቶቹ በብዛት በቁጥር ይጠራሉ፦ ፌ ኢ አሌግሪያ ቁጥር 1፣ ቁጥር 2 እየተባለ። የመጀመሪያዎቹ በ1966 በሊማ ዳር ባሉ አዳዲስ ሰፈሮች ተከፈቱ። በኋላ ቁጥሩ ተራራ ወጣ። ቁጥር 44 አንድ ሕንፃ እንኳ አይደለም፤ በኩስኮ አካባቢ፣ በኪስፒካንቺ አውራጃ ያሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች መረብ ነው። እዚያ ልጆቹ በአካባቢው ነባር ቋንቋ በኬችዋም በስፓኒሽም ይማራሉ።

ቦሊቪያም ተመሳሳይ ስምምነት አለ። እዚያ አንድ የሚገርም ነገር ተጨምሯል። መንደሮቹ የተራራቁ ናቸው፤ ልጅ በየቀኑ ተመላልሶ መማር አይችልም። ስለዚህ «ያቻይ ዋሲ» የሚባሉ ቤቶች ተሠሩ፤ በኬችዋ «የዕውቀት ቤት» ማለት ነው። ልጆቹ እዚያ ያድራሉ፣ ትምህርት ቤት ይውላሉ፣ ከዚያ ወደ ቤተሰባቸው ይመለሳሉ። አዳሪ ትምህርት ቤት የሀብታም ብቻ ነው ያለው ማነው?

በቬኔዝዌላ ነገሩ ረጅም ጊዜ ወስዷል። ለብዙ ዓመታት የመንግሥት ድጎማ በልመና የሚገኝ፣ አንዴ የሚመጣ አንዴ የሚቀር ነበር። በ1990 የካቶሊክ ትምህርት ማኅበር ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ስምምነት ፈረመ፤ ድጎማው በዚያ በኩል በመደበኛነት መምጣት ጀመረ። ዛሬ በዚያች አገር ብቻ ከ170 በላይ ትምህርት ቤቶች አሉት።

ይህ አደረጃጀት ለሁለቱም ወገን ይመቻል። መንግሥት እሱ ያልደረሰበት ቦታ ትምህርት ቤት ያገኛል። ማኅበሩ ደግሞ ደመወዝ ሳያስጨንቀው ትምህርቱ ላይ ያተኩራል። ችግሩ የሚመጣው መንግሥት ሲደኸይ ወይም ሲቆጣ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አንድ ዓመት እንዴት ያልፋል

የትምህርት ዘመኑ እንደ አገሩ ነው። በቦሊቪያ ፌብሩዋሪ ላይ፣ በፔሩ ማርች ላይ ይጀምራል። በቬኔዝዌላ ግን ከክረምቱ ዕረፍት በኋላ፣ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ነው። ስለዚህ የማርች 5 በዓል ፔሩ ውስጥ ከትምህርት መክፈቻ ጋር ይገጥማል፤ ቬኔዝዌላ ውስጥ የዓመቱ አጋማሽ ላይ ይውላል።

ትልቁ ልብ መንጠልጠያ ምዝገባው ነው። ቦታው ከፈላጊው ያንሳል። እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት አንዴ ስሙ ከተሰማ እናቶች ገና ጎህ ሳይቀድ ይሰለፋሉ። ለድሃው ብሎ የተከፈተ ትምህርት ቤት ጥሩ ሲሆን ትንሽ የተሻለ ኑሮ ያለውም ይመጣበታል። ያኔ ማንን ትቀበላለህ? ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል፤ በየዓመቱም የሆነ ሰው ተከፍቶ ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ የመምህራን ሥልጠና፣ የወላጆች ስብሰባ፣ ሎተሪው፣ የሙያ ክፍሎች ኤግዚቢሽን እያለ ይሄዳል። ስለ እነዚህ ብዙ የሚባል የለም፤ የትም ትምህርት ቤት ያሉ ናቸው። ለየት የሚለው የግምገማው አካሄድ ነው። በ2000ዎቹ ማኅበሩ የጥራት ማሻሻያ ሥርዓት ዘረጋ። ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ራሱን ይመዝናል። ከዚያ መምህራንና ወላጆች ውጤቱ ላይ ይነጋገራሉ። የማሻሻያ ዕቅድ ያወጣሉ። በመጨረሻ ያደረጉትንና ያልሆነላቸውን ራሳቸው ይጽፋሉ። ከውጭ መጥቶ ውጤት ሰጥቶ የሚሄድ ተቆጣጣሪ ላይ አይመሠረትም። ከባዱ መጻፉ ነው። መምህር ቀኑን ሙሉ አርባ ልጅ ሲያስተምር ውሎ ማታ «ዘንድሮ ይህ አልተሳካልኝም» ብሎ በጽሑፍ ማስፈር ይቸግረዋል። የወረቀት ሥራ በዛብን የሚል ቅሬታም ይከተላል፤ የትም ቢሆን ይከተላል።

እንዲህ ያሉ ማኅበራት የዓመት ሪፖርት ሲያወጡ ቁጥሩ ብዙ ነው። የተማሪ ብዛት፣ የተሠራ ክፍል፣ የሠለጠነ መምህር፣ የተተከለ ኮምፒውተር። እኔ ብጠየቅ በመጀመሪያው ገጽ የማስቀምጠው ሌላ ነው፦ አምና የነበሩት መምህራን ስንቶቹ ዘንድሮም አሉ? ክፍል ሳይሠራ ያለፈ ዓመት መልካም ዓመት ሊሆን ይችላል። መምህራኑ የለቀቁበት ዓመት ግን ምንም ቢገነባ መልካም አይደለም።

ሬዲዮው

ኮረብታው ላይ ያለው ልጅ ትምህርት ቤት አገኘ። እናቱስ? በ1970ዎቹ ማኅበሩን ያሳሰበው ይህ ነበር። መልሱ የመጣው ከአትላንቲክ ማዶ ነው። በካናሪ ደሴቶች «ራዲዮ ኤካ» የሚባል ጣቢያ ከ1965 ጀምሮ ጎልማሶችን በሬዲዮ ያስተምር ነበር። ያንንም ያቋቋሙት ኢየሱሳውያን ናቸው። ዘዴው ሦስት እግር አለው። አንደኛ የሬዲዮው ትምህርት። ሁለተኛ ተማሪው ሬዲዮውን እየሰማ የሚሞላው የታተመ ወረቀት። ሦስተኛ በሳምንት አንዴ የሚያገኘው አስጠኚ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይሠራም። ሬዲዮ ብቻውን ወሬ ነው፤ ወረቀት ብቻውን ይደብራል።

በ1975 የፌ ኢ አሌግሪያ የሬዲዮ ትምህርት ተቋም በቬኔዝዌላ ተመሠረተ። የቤት ሠራተኛዋ ልብስ እየተኮሰች፣ ዘበኛው በር ላይ ተቀምጦ፣ ሹፌሩ ተራ እየጠበቀ መማር ቻለ። ከጊዜ በኋላ የሬዲዮ ጣቢያዎቹ መረብ ሆኑ፤ ዜናም ያስተላልፋሉ። ኤኳዶርና ቦሊቪያም የራሳቸውን አቋቋሙ። ዘዴው ጣሊያን ድረስ ሄዷል፤ እዚያ በሰው ቤት የሚሠሩ የላቲን አሜሪካ ስደተኞች ያቋረጡትን ትምህርት ይጨርሱበታል። በ2020 ወረርሽኙ ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ኢንተርኔት የሌለው ሰፈር ሁሉ እንደገና ሬዲዮ ከፈተ። ያረጀ የመሰለው ዕቃ ሌላ ምንም በሌለበት ቀን ሠራ።

በእርግጥ ይሻላል?

ይህን ለመለካት የሞከሩ አሉ። ሀንት ኦልኮትና ዳንኤል ኦርቴጋ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በቬኔዝዌላ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ውጤት ላይ ተመሥርተው የማኅበሩን ምሩቃን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ምሩቃን ጋር አነጻጸሩ። የፌ ኢ አሌግሪያ ልጆች በልጠው ተገኙ። ልዩነቱ ግን የሚያስጨበጭብ አይደለም፤ ወደ 0.1 መደበኛ ልይይት (ውጤቶች ከአማካይ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካበት) ገደማ ነው። ይህ ከአማካይ ትንሽ ከፍ ማለት ነው እንጂ ተአምር አይደለም።

እኔን የሳበኝ ምክንያቱ ነው። ገንዘብ አይደለም፤ ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች በበለጠ አይበጀትላቸውም። አጥኚዎቹ የጠረጠሩት አስተዳደሩን ነው። ውሳኔው እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይወሰናል። ዳይሬክተሩ መምህሩን ያውቀዋል፣ መርጦታል፤ ሲያጠፋም የሚጠይቀው እሱ ነው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ፊርማ እስኪመጣ አይጠበቅም። አንዱ ሌላውን እንደ ቤተሰብ የሚያይበት ባህልም አለ። ይህን ነገር በገንዘብ መግዛት አይቻልም፤ ከሌላ ቦታ ማምጣትም ያስቸግራል።

ደመወዙ ሲቀልጥ

ቀደም ሲል ችግሩ መንግሥት ሲደኸይ ነው ብያለሁ። ቬኔዝዌላ ደኸየች። ከ2017 በኋላ የዋጋ ንረቱ ከቁጥር ወጣ። የመምህር የወር ደመወዝ ጥቂት ዶላር ብቻ የሚያወጣበት ጊዜ መጣ። ያ ገንዘብ የአውቶቡስ እንኳ አልሆነ ሲል መምህሩ ምን ያድርግ? አንዱ ፀጉር ማስተካከል ጀመረ። ሌላው ኬክ ጋገረ። ብዙዎች ደግሞ ከአገር ከወጡት ከ7 ሚሊዮን በላይ ቬኔዝዌላውያን ጋር አብረው ወጡ። ልጆችም ወላጆቻቸው ሄደው ከአያት ጋር ቀሩ። ትምህርት ቤቱ ከማስተማሩ በፊት መመገብ ነበረበት።

ያኔ የተውሶው ጣጣ ታየ። በስምምነቱ የሚመጣው ደመወዝ ነው፤ ደመወዙ ዋጋ ሲያጣ ስምምነቱም አብሮ ዋጋ አጣ። ማኅበሩ የሄደው ወደ ድሮ መንገዱ ነው። ከውጭ ለጋሾች ለምኖ ለመምህራን ድጎማ አፈላለገ። የተማሪ ወላጆችን፣ የቀድሞ ተማሪዎችን፣ ገና የሙያ ሥልጠና ላይ ያሉ ወጣቶችን ለማስተማር አዘጋጀ። ከሰባ ዓመት በፊት ስድስተኛ ክፍል የጨረሱ የሰፈር ልጆች ያስተማሩበት ነገር ተመልሶ መጣ። ደስ የሚል መመለስ አይደለም።

መንግሥት ሲቆጣ ደግሞ ሌላ ነው። በ2023 የኒካራጓ መንግሥት የኢየሱሳውያንን ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት ሰረዘ፤ ዩኒቨርሲቲያቸውንም ወረሰ። ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመችው የትምህርት ተቋም በአንድ ፊርማ ሊጠፋ እንደሚችል በዚያ አካባቢ ያለ ሁሉ አየ።

ሞንጎ

በ2007 ማኅበሩ ቻድ ገባ። ቦታው በጌራ ክልል ያለችው የሞንጎ ከተማ አካባቢ ነው። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው። የካቶሊክ ማኅበር መሆን እዚያ ሌላ ትርጉም ይይዛል። የሚመጣው ልጅ ትምህርተ ክርስቶስ አይማርም። ማኅበሩም ሃይማኖት ለማስለወጥ አልሄደም። የሄደው ከመንደር ሽማግሌዎችና ከወላጆች ጋር ተቀምጦ ትምህርት ቤት ለማቆም ነው።

በላቲን አሜሪካ የተለመደው ስምምነት እዚያ አይሠራም። በቻድ ገጠር ብዙ መምህራን የመንግሥት ቅጥር አይደሉም። «የማኅበረሰብ መምህር» ይባላሉ፤ ደመወዛቸውን ወላጆች ከየቤታቸው ያዋጣሉ። ክፍሉ ብዙ ጊዜ በእንጨትና በሣር የተሠራ ዳስ ነው። ዝናብ ሲመጣ ይፈርሳል፤ መከር ሲያልቅ መንደሩ ወጥቶ እንደገና ይሠራዋል። ስለዚህ ሥራው ከሌላው ጫፍ ተጀመረ። ክፍሉ በጡብ ይገንባ፣ ያልሠለጠነው መምህር ይሠልጥን፣ ከእናቶች ማኅበር ጋር ሆኖ ሴት ልጅ ከትምህርት እንዳትቀር ይሠራ። መንግሥት ድርሻውን እስኪወስድ ድረስ መምህሩ የሚኖረው መንደሩ በሚያዋጣለት ነው።